ቴራፒ እየሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ቴራፒ የጀመረ ሰው ትንሽ ሲቆይ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «እና፣ ለውጥ አለው?» ጠያቂዋ እናት ትሆናለች፣ ባል ወይም ሚስት፣ አንዳንዴም ክፍያውን የሚሸፍነው ታላቅ ወንድም። መልሱ ብዙውን ጊዜ «አዎ፣ ደህና ነው» ነው። ከዚያ በላይ የሚናገረው ነገር የለውም። ደም ግፊት ወይም ስኳር ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ይጠራ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማውራት ግን በምን ይለካል?

ይለካል። ሥርዓት ያለው ቴራፒ ዕቅድ አለው። ዕቅዱ እየተራመደ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ መለኪያም አለው። ሁለቱም ባለሙያው ለብቻው የሚይዛቸው ምስጢሮች አይደሉም። «ዕቅዴ ምንድን ነው? የት ደረስን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ጥሩ ባለሙያ ጥያቄውን ይወደዋል። ብዙ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳያውቅ ወራት ይመላለሳል። አንዳንዱ ሳይሻለው ይቀጥላል። አንዳንዱ ሊሻለው ሲል ያቋርጣል።

እዚህ የምናወራው አንድ ሰው ከአንድ ባለሙያ ጋር ስለሚያደርገው ሕክምና ነው። የጥንዶችና የቡድን ሕክምና የራሳቸው መንገድ ስላላቸው አንገባባቸውም።

አንድ ምሳሌ እንያዝ

አዲስ አበባ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት እናስብ። ምናባዊ ናት፤ ታሪኳ ግን እንግዳ አይደለም። አንድ ማታ ከመገናኛ በሚኒባስ ወደ ቤቷ ስትሄድ ልቧ በድንገት ይደልቃል። ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥራታል፣ «አለቀልኝ» ትላለች። «ወራጅ አለ!» ለማለት እንኳ ድምጿ እምቢ ይላታል። ሐኪም ቤት ሄዳ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ትነሣለች፣ ደም ትሰጣለች። «ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው» ይሏታል። ነገሩ ግን ይደጋገማል። ቀስ በቀስ ታክሲ መሳፈር ትተዋለች። ራይድ እየጠራች ደመወዟ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲበዛ ከበሩ አትርቅም። ሰርግ ትቀራለች፣ ለቅሶ ትቀራለች፤ ይህ ደግሞ በተራው ወቀሳ ያመጣባታል።

ይህ ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለው ነው። ከቦታና ከሰው ብዛት መሸሹ ሲታከልበት አጎራፎቢያም ይባላል። ምሳሌውን የመረጥኩት ዕቅዱም መለኪያውም ቁልጭ ብለው የሚታዩበት ችግር ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀጠሮዎች ጥያቄ ይበዛባቸዋል። መቼ ጀመረ? ምን ሲሆን ይብሳል? ምን ሲሆን ይቀላል? በቀን ስንት ስኒ ቡና? ጫት አለ? መጠጥስ? ታይሮይድ ተመርምረሻል? ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም ፓኒክ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። ቤት ውስጥ ዱላ አለ ወይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ የሚሉ ከባድ ጥያቄዎችም ይነሣሉ። ለማንኛውም ሰው የሚቀርቡ ናቸው፤ «ምን አይቶብኝ ነው?» ብላችሁ አትደንግጡ።

እስካሁን የተሞከረው ነገርም መጠየቅ አለበት። ጠበል ሄዳ ይሆናል፤ ሌላዋ ቁርኣን አስነብባ ይሆናል። ባለሙያው ይህን ሳያጣጥል መስማት አለበት፣ ታካሚዋም ሳትደብቅ መናገር። ለምሳሌ ጠበል ስትገባ የጀመረችውን መድኃኒት አቋርጣ ከሆነ ዕቅዱ ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባለሙያው አንድ መላምት ይይዛል። መላምቱ የሚመልሰው ጥያቄ «ለምን ጀመረ?» ከሚለው ይልቅ «ለምን አልለቅ አለ?» የሚለውን ነው። ፓኒክን በተመለከተ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ እስካሁን ይሠራበታል። ሰውነት ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ይሰማል፤ ልብ ትንሽ ፈጠን ይላል። አእምሮ ይህን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ያስፈራል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ይረጫል። አድሬናሊኑ ልብን ጭራሽ ያስሮጣል። «ይኸው! አላልኩም?» ይላል አእምሮ። ክቡ ይዘጋል።

የእኛዋ ሴት ሌላም ነገር ታደርጋለች። ታክሲ ግድ ሲሆንባት በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ የውኃ ጠርሙስ ትይዛለች፣ የእናቷን ስልክ ቁጥር ከፍታ ጣቷን ታሳርፍበታለች። ጉዞው በሰላም ሲያልቅ «ደህና ነበርኩ ማለት ነው» አትልም። «ውኃው ስለነበረ ተረፍኩ» ትላለች። ስለዚህ ፍርሃቱ አንድም ጊዜ ሳይፈተን ይኖራል። ይህን በወረቀት ላይ አብረው ሥለው ሲያዩት ብዙ ታካሚዎች በዚያው ቀን ትንሽ ቀለል ብሏቸው ይወጣሉ። ማበድ አለመሆኑን ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ግብ ሲጻፍ

አሁን ዕቅዱ ይወጣል። ምን ይዟል? ችግሩን በታካሚዋ አነጋገር፤ የሚደረስበትን ግብ፤ ወደ ግቡ የሚወስዱትን ትንንሽ ደረጃዎች፤ የሕክምናውን ዓይነት፤ በሳምንት ስንቴ፣ በጠቅላላው ስንት ቀጠሮ እንደሚሆን፤ በምን እንደሚለካና መቼ ቁጭ ተብሎ እንደሚገመገም። አንድ ገጽ ይበቃዋል። አምስት ገጽ የሆነ ዕቅድ ካያችሁ ለኢንሹራንስ ወይም ለአለቃ የተጻፈ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አይፈረድባችሁም።

ከባዱ ክፍል ግቡ ነው። ታካሚዋን «ምን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?» ቢሏት «እንዳልጨነቅ» ትላለች። ሌላው «እንዳላለቅስ»፣ ሦስተኛው «እንዳልቆጣ» ይላል። ኦግደን ሊንድስሊ የተባለ አሜሪካዊ የባህርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለዚህ አንድ አስቂኝ መፈተኛ አውጥቶ ነበር፦ ሬሳ ሊያደርገው የሚችል ነገር ከሆነ ባህርይ አይደለም። ሬሳ አይጨነቅም። ሬሳ አያለቅስም። በመቆጣትም ማንም አይከሰው። ስለዚህ «አለመጨነቅ» ግብ ሆኖ ከተጻፈ፣ ያለ ምንም ቴራፒ አልጋ ላይ ተኝቶ በመቅረትም ሊሳካ ይችላል። ከቤት የማይወጣ ሰው ታክሲ ውስጥ አይጨነቅምና።

ግቡ በሕይወት ያለ ሰው የሚያደርገው ነገር መሆን አለበት። «በሳምንት አራት ቀን ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሚኒባስ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ የውኃ ጠርሙስ ሳልይዝ።» ይህ ይታያል፣ ይቆጠራል። ሆነ ወይም አልሆነም ማለት ይቻላል። በድባቴ ለተያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። «ደስተኛ መሆን» የሚለው «በሳምንት ሁለት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ቡና መጠጣት፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ከአልጋ መነሣት» ይሆናል። ደስታው ከእንቅስቃሴው በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ቀድሞ ይምጣ ብሎ መጠበቁ ነው ሰውን የሚያስተኛው።

እዚህ ላይ የማን ግብ ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እናቷ «ትዳር እንድትይዝ ምከሩልኝ» ብለው ይደውሉ ይሆናል። ወንድሟ «ሥራ እንዳትለቅ አሳምኗት» ይላል። ባለሙያው ደግሞ የልጅነቷን ታሪክ መመርመር ያምረው ይሆናል። እሷ የፈለገችው ታክሲ መሳፈር ነው። የሚጻፈው የእሷ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው የሥራ ትስስር ሦስት ነገሮችን እንደያዘ ጽፏል፦ በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚወስደው ሥራ መስማማት፣ እና በመካከላቸው ያለው መተማመን። እኛ አገር ሦስተኛው ላይ ብዙ እናተኩራለን። «ሰውዬው ይመቻል?» እንላለን። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለቱን ካላካተተ በጣም ከሚመች ሰው ጋር ዓመት ሙሉ ወዴትም ሳይሄዱ ማውራት ይቻላል።

ከግቡ በታች ደረጃዎቹ ይደረደራሉ። ለፓኒክና ለፍርሃት የሚደረገው ሕክምና ሲቢቲ ከሚባለው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ቤተሰብ ነው፤ ዋና ሥራውም የሚፈራውን ነገር በመጠንና በቅደም ተከተል መጋፈጥ ነው። ጆሴፍ ወልፒ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም ያስተዋወቀው ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የጭንቀት ሚዛን አለ። ታካሚዋ እያንዳንዱን ሁኔታ በዚያ ትመዝነዋለች። ከእህቷ ጋር ታክሲ ተራ ቆሞ ሳይሳፈሩ መመለስ፣ 30። በቀትር፣ ባዶ በሆነ ሰዓት፣ አንድ ፌርማታ፣ 45። ብቻዋን፣ 60። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በመስኮትና በሰው መሃል ተጣብቃ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ 95። ከታች ተጀምሮ ይወጣል። በመሃል ባለሙያው ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ ልብ የሚያስደልቅ ነገር ይሠራል። ወንበር ላይ መሽከርከር፣ በስትሮ መተንፈስ፣ ደረጃ ሮጦ መውጣት። የልብ ምት መፍጠን ብቻውን እንደማይገድል ሰውነት በተግባር እንዲያየው ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ለፓኒክ የሚሰጥ ሲቢቲ በጠቅላላው ከ7 እስከ 14 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በፓኒክ ብቻ የሄደ ሰው ሁለት ዓመት ተመላልሶ አሁንም ታክሲ የማይሳፈር ከሆነ ዕቅዱ ተገልብጦ መታየት አለበት።

«ተመስገን» መለኪያ አይሆንም

አሁን ወደ ክትትሉ። ባለሙያው «እንዴት ሰነበትሽ?» ይላል። መልሱ የታወቀ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰውም «ተመስገን» ይላል፣ ሎተሪ የደረሰውም። ባህላችን ነው፣ ጥሩም ባህል ነው። ለክትትል ግን አይረዳም። ይሉኝታም አለ። ብዙ ሰው ቴራፒስቱን፣ ሐኪም ባይሆንም፣ «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል፤ «ዶክተር፣ ምንም አልተሻለኝም» ማለት ደግሞ ሰውየውን መስደብ ይመስለዋል።

በዚህ ምክንያት ነው መጠይቅ የሚሞላው። ለድባቴ በሰፊው የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባለው ነው። ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊሊያምስና ከርት ክሮንኬ ያዘጋጁት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ጉልበት፣ የምግብ ፍላጎት፣ ትኩረት፣ ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። 0 ጭራሽ አልነበረም፣ 3 በየቀኑ ለማለት ይቻላል ነው። ድምሩ ከ27 ይያዛል። 5፣ 10፣ 15 እና 20 እንደ መለያ መስመር ያገለግላሉ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው ነው። ለጭንቀት የሚሆነው ወንድሙ ጋድ-7 ነው፤ ሰባት ጥያቄ፣ ከ21። ሁለቱንም ሞልቶ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ለውጡ እንዴት ይነበባል? ፒኤችኪው-9 ላይ የአንድ የሁለት ነጥብ መውረድ ብዙ ነገር አይናገርም፤ አንድ ጥሩ እንቅልፍ የተገኘበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። 5 ነጥብ ሲወርድ ግን ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ ይያዛል። ከመነሻው በግማሽ ከወረደ ሕክምናው ሰምሯል ይባላል። ከ5 በታች ገብቶ ከቆየ ደግሞ ድባቴው ለቅቋል ማለት ይቻላል። 18 ላይ የጀመረ ሰው 12 ሲደርስ «ገና ነኝ» ይል ይሆናል። ልክ ነው፣ ገና ነው። ግን መንገዱ ትክክል ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ነው ቁጥሩ ያስፈለገው።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤችኪው-9 ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠንቷል። ይሁንና ሌላ አገር የወጣ መለያ መስመር እዚህ እንዳለ ላይገጥም ይችላል። የእኛ ሰው ሐዘኑን ብዙ ጊዜ በሰውነቱ ነው የሚናገረው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ፣ ወገቤ፣ ድካም ድካም ይለኛል። ስለዚህ የእናንተን ቁጥር ከመስመሩ ጋር ከማስተያየት ይልቅ ከራሳችሁ የመጀመሪያ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበልጥ ያስተማምናል። ለዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን መሞላት አለበት። ሦስት ወር ቆይቶ የሚሞላ የመጀመሪያ መጠይቅ መነሻውን አያሳይም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ለብቻው መነገር አለበት። ብሞት ይሻላል የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ከተሞላ ባለሙያው ያንኑ ቀን ማንሣት አለበት። ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም። ያኔ የደኅንነት ዕቅድ ይጻፋል። ሐሳቡ ሊመጣ ሲል ምን ምልክት አለ? መጀመሪያ ራሴን በምን አረጋጋለሁ? ለማን እደውላለሁ? የትኛው ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ወይም ፀረ ተባይ ማን ይደብቅልኝ? ይህ ወረቀት ኪስ ውስጥ የሚያዝ ነው። ሐሳቡ አሁን ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ለቅርብ ሰው ይንገር፣ ወደ ቅርብ ድንገተኛ ክፍልም ይሂድ።

መጠይቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ለእኛዋ ሴት ዋናው መለኪያ ታክሲው ነው። ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ከመሳፈሬ በፊት የፈራሁት ነገር፣ ይሆናል ብዬ ያመንኩት በመቶኛ፣ የሆነው ነገር። «እወድቃለሁ፣ 80 በመቶ። አልወደቅኩም፤ ልቤ መትቷል፣ ከሜክሲኮ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀዝቅዟል።» እንዲህ ያሉ መስመሮች ሲከማቹ ማንም ሳይሰብካት ፍርሃቷ ስንት ጊዜ እንደዋሸ ታያለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከመጠይቁ ይልቅ ይህን ማስታወሻ እመርጣለሁ። ሕይወቷ ያለው እዚያ ነው።

ባለሙያው ራሱስ አያውቅም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓመታት የሠራ ሰው ፊት አይቶ አይለይም? እዚህ ላይ ለሙያው የማያስደስት ጥናት አለ። ኦኪው-45 የሚባለውን የታካሚ ለውጥ መለኪያ መጠይቅ ያዘጋጀው የማይክል ላምበርት ቡድን አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትሞታል። 40 ቴራፒስቶች ስለ 550 ታካሚዎቻቸው ተጠየቁ። ከእነዚህ ውስጥ ሕክምናው ሲያልቅ ከመጡበት ብሶባቸው የሚወጡት እነማን ናቸው? በአማካይ 8 በመቶ ገደማ እንደሚብስባቸው አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ቴራፒስቶቹ ይብስባቸዋል ያሉት 3 ሰዎችን ብቻ ነው። በትክክል የባሰባቸው 40 ሆኑ። ከተገመቱት ሦስቱ ደግሞ የባሰበት አንዱ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ የሚሞላው መጠይቅ ግን ከሚብስባቸው አብዛኞቹን አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር።

ይህ ቴራፒስቶች ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም። የሚረዳ ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋ ሳያደርግ ይህን ሥራ መሥራት አይችልም። ታካሚውም በይሉኝታ ይሸፍንለታል። ሁለቱ ተደጋግፈው «ጥሩ ነው» እያሉ ሊሄዱ ይችላሉ። ወረቀቱ ይሉኝታ የለውም። የላምበርትና የሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ታካሚው ከመንገድ እየወጣ መሆኑ ለባለሙያው በጊዜ ሲነገረው የሚብስባቸው ሰዎች ቁጥር ይቀንሳል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የንግግር ሕክምናም በየቀጠሮው መጠይቅ ያስሞላል፤ እዚያ የምትኖሩ ወገኖች በስልካችሁ የሚመጣው ሊንክ እሱ ነው።

ተቃውሞም አለ። የሰው ሐዘን በቁጥር አይገባም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ልጅ የሞተባት እናት ነጥቧ ስላልወረደ ሕክምናው ከሽፏል ማለት ጅልነት ነው። እስማማለሁ። ግን «የእኔ ሥራ አይለካም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጆሮዬ ይቆማል። ቁጥር ባይሆን ሌላ ምልክት ይኑር። የልጇን ክፍል በር መክፈት ችላለች? ስሙን እየጠራች ታወራለች? ይህም መለኪያ ነው።

መስመሩ ቀጥ ብሎ አይወርድም

ውጤቱን በግራፍ ስታዩት ወጣ ገባ ነው። አንድ ሳምንት ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ይዘላል። የቤት ኪራይ የተጨመረበት ሳምንት ነው፣ ወይም ለቅሶ ነበር። መጋፈጡ በተጀመረ ሰሞን ጭንቀት ከፍ ማለቱም የሚጠበቅ ነው፤ እየሸሹት የነበረውን ነገር ፊት ለፊት ገጥመዋልና። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ልክ እዚህ ላይ ነው። «ጭራሽ ባሰብኝ» ይላል። ይህ ሊመጣ እንደሚችል ዕቅዱ ላይ ቀድሞ ካልተነገረው ደግሞ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል በሁለት ቀጠሮ መካከል በድንገት ብዙ ነጥብ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አጥንተውታል፤ ብዙ ጊዜም የሚጸና መሻሻል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪው ኬኔት ሃዋርድና ባልደረቦቹ የቆዩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከታካሚዎች ግማሽ ያህሉ በ8ኛው ቀጠሮ፣ ሦስት አራተኛው በ26ኛው ገደማ ተሽሏቸው ነበር። አማካይ ነው፤ ቃል ኪዳን አይደለም። ግን ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ባለው ጊዜ አንድ ግምገማ መኖር እንዳለበት ያሳያል።

ግምገማው ላይ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ሥራው ተሠርቷል ወይ ይባላል። የቤት ሥራው ካልተሠራ ለምን? ስንፍና ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ስትመረምሩት የታክሲ ሳንቲም አጥታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደረጃው ከ45 ወደ 80 ዘሎ ይሆናል። ሥራው ተሠርቶም ካልተንቀሳቀሰ መላምቱ ይፈተሻል። ከፓኒኩ ሥር ያልተነገረ ጥቃት አለ? ማታ ማታ ለማረጋጋት የሚጠጣ ነገር አለ? ከዚያ መጠኑ ይታያል። በወር አንድ ቀጠሮ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ አይበቃም። መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ከአእምሮ ሐኪም ጋር ይማከራሉ። በመጨረሻም ባለሙያውን መቀየር አለ። ይህ ጠብ አይደለም። ጨዋ ባለሙያ ራሱ ስም ሰጥቶ ይልካል።

ገንዘቡንም ማንሣት ያስፈልጋል። እዚህ አብዛኛው ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ «ስድስት ቀጠሮ ብቻ ነው የምችለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት። ባለሙያው ያን አውቆ ያቅዳል። ስድስት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባለው አጭር የሥነ ልቦና ድጋፍ መርሐ ግብር በአምስት ቀጠሮ ያልቃል፣ የሚሰጡትም ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ስድስቱ ቀጠሮ የታሪክ መጠየቂያ ሆኖ ሲያልቅ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማችኋል። ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የበሽታ ስምና ዕቅድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዕቅዱ ቀርቦላችሁ ፈርሙ ልትባሉ ትችላላችሁ። አንብባችሁ ፈርሙ። አስተርጓሚ ካለ በአማርኛ አንብቡልኝ በሉ። ሂፓ በሚባለው የጤና መረጃ ሕግ መሠረት መዝገባችሁን የማየት መብት አላችሁ፤ ባለሙያው ለራሱ ለይቶ የሚይዛቸው የቴራፒ ማስታወሻዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው።

ለእኛዋ ሴት ሥራው ተሳክቶ ታክሲውን ከለመደች ቀጠሮው በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። በየሳምንቱ የነበረው በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በወር ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሚጻፍ አንድ ወረቀት አለ። ፍርሃቱ ሊመለስ ሲል የሚታዩት ምልክቶች፣ ለምሳሌ ጠርሙሱን እንደገና ቦርሳ ውስጥ መክተት። ያኔ በራሷ የምትሠራቸው ነገሮች። በስንት ሳምንት ካልለቀቃት ደግሞ ስልክ እንደምትደውል።

ከዚያ በፊት ከተማ ብትቀይር ወይም ባለሙያው ቢለቅ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይዛ መሄድ አለባት፤ ካልሰጧት ትጠይቅ። የመነሻና የአሁን ነጥቧ፣ የተሠሩት ደረጃዎች፣ የቀሩት፣ የተሞከረ መድኃኒት ካለ መጠኑ፣ ያልሠራው ነገርና ለምን እንዳልሠራ የሚገመተው። ያን የያዘ አዲስ ባለሙያ «ችግርሽ መቼ ጀመረ?» ብሎ ሁለት ቀጠሮ አይፈጅባትም። የሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ፣ መጨረሻው ወንበር ከሚለው ደረጃ ይቀጥላል።